አገር አይቶ የመጣ ሰው ዕዳ

ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በእኛ ዘንድ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው ‹‹ምን ይዘህ መጣህ?›› ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹‹ለመሆኑ አገሩ እንዴት ነው?›› የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሻንጣው ይመልሰዋል። ሸሚዙ ለወንድም፣ ሽቶው ለእህት፣ ቸኮላቱ ለጎረቤት ልጆች ይታደልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሻንጣ ተፈቶ የሚመለስ አይደለም። ጠያቂው ስለ ሰው አገር የሚጠይቅ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ነው። ‹‹የእኔ ኑሮ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ምን ይመስላል? ልጄን ልላከው ወይስ ልያዘው? እዚህ መቅረቴ ሞኝነት ነው ወይስ ብልህነት?›› ማለቱ ነው። እንግዲህ መላሹ በሚሰጠው ቃል የአንድ ቤተሰብ ሕይወት አቅጣጫውን ሊለውጥ ይችላል። ጉዳዩን የወሬ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ከዚህ ጥያቄ የምናመልጥባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ማድነቅ ብቻ ነው። ‹‹እዚያማ ሰው አለ! መንገዱ መስታወት ነው፤ ሁሉ ነገር በሰዓቱ ነው፤ እኛማ መቼ ሰው እንሆናለን!›› ይባላል። ሁለተኛው ማጣጣል ብቻ ነው። ‹‹ምን አለ ብለህ ነው! ብርድና ብቸኝነት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፤ እንጀራው እንኳ እንጀራ አይደለም፤ የእኛን አገር የመሰለ የለም›› ይባላል። የመጀመሪያው ተናጋሪ አድማጩን በአገሩ ያሳፍረዋል። ሁለተኛው ደግሞ ያጽናናው እየመሰለው ያታልለዋል። ሁለቱም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ያዩትን ቆጥረው አያስረክቡም። አደራ እንደተቀበለ ሰው ሳይሆን እንደ ባለቤት ያዩትን ይቆርሳሉ።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። አገር አይቶ የመጣ ሰው ላላየው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ እህቴ ጋብዛኝ ሦስት ሳምንት አውሮፓ ቆይቼ መጥቻለሁ። ጀርመን፣ ቤልጅግ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደርሻለሁ። በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ እየጻፈ ለሚኖር ሰው ሦስት ሳምንት ዕረፍት ቅንጦት መሆኑን አውቃለሁ። የአውሮፕላኑን ትኬት የከፈለችው እህቴ ናት። ይህን የምጠቅሰው፣ ያየሁት ነገር በራሴ ብርታት ያገኘሁት ሳይሆን በዕድል እጄ የገባ መሆኑን አንባቢ ከመነሻው እንዲያውቅልኝ ነው። ዕዳ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ሌላው ሊያየው ያልቻለውን ያየ ሰው፣ ያየው ነገር የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ጉዞ የሚጀምረው ከአየር ማረፊያ ሳይሆን ከወረቀት ነው። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ከ30,000 ዩሮ የማያንስ የሕክምና መድን፣ ተመልሼ እመጣለሁ የሚል ማስረጃ ይፈለጋል። የሚሰጠው ቪዛ ‹‹ሸንገን›› ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከአንዲት የሉክሰምቡርግ መንደር ነው። በእርሷ ዳር፣ በወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አምስት መንግሥታት በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ዛሬ ብዙ አገሮችን ያቀፈ ነው። ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። ከጀርመን ወደ ቤልጅግ በባቡር ስሻገር ድንበሩን ያወቅሁት በስልኬ በመጣ የእንኳን ደህና መጣሽ መልእክት ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ድንበር የአንድ ክንድ ውፍረት ያለው የሰነድ ክምር ሆኖ ነው የጠበቀኝ። ከውስጥ የፈረሰው አጥር ከውጭ መወፈሩን ልብ ይሏል። ይህን ያልተናገረ ሰው ስለ አውሮፓ ነጻነት ቢናገር ግማሹን ነው የተናገረው።

ከእንጦጦ የተነሡ መንገደኞች

የተወለድሁት ጉለሌ ነው። ለእኛ ለጉለሌ ልጆች እንጦጦ ማርያም ከራስጌያችን ያለች ደብር ናት። ለንግሥ ወጥተናል፤ ለጠበል ሄደናል፤ ሙዚየሟን በትምህርት ቤት ሰልፍ ጎብኝተናል። ይሁን እንጂ ይህች ደብር ከአውሮፓ ጉዞ ጋር ያላትን ታሪክ ልብ ብዬ ያሰብሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በዚችው በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ ዘውድ ጭነው እቴጌ ሆኑ። ከበሮው ሲመታ፣ መድፉ ሲተኮስ፣ የንጉሡ የአክስት ልጅ ደጃዝማች መኰንን ወልደ ሚካኤል ግን በሥፍራው አልነበሩም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ለማስጸደቅ ተልከው ጣሊያን ነበሩ። ንጉሥ ኡምቤርቶ በክብር ተቀብለዋቸዋል። መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ኔፕልስ ላይ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ነበረበት፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ነበር። እንግዳው ገና በአስተናጋጁ አገር ሳሉ፣ ጥቅምት 2 ቀን፣ የጣሊያን መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ መሠረት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ በእኔ በኩል ያልፋል ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። የአማርኛው ቅጂ ‹‹ይቻላቸዋል›› የሚለውን የጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበርና።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው የመጀመሪያው ትምህርት፣ አስጎብኚ ሁሉ የሚያሳየውን የሚመርጥ መሆኑን ነው። እንግዳ በክብር ሲዞር ፊት ለፊቱ ያለው ግብዣና ሰልፍ ነው፤ ዕጣው የሚጻፈው ግን ባልተጋበዘበት ክፍል ሊሆን ይችላል። ዛሬ እኛን የሚያስጎበኘን ንጉሥ የለም። አስጎብኚያችን የጉዞ ወኪሉ፣ የስልካችን ካርታና የሌሎች ጎብኚዎች ፎቶግራፍ ነው። እነዚህም ይመርጣሉ። ከባቡር ጣቢያ እስከ ፏፏቴው፣ ከፏፏቴው እስከ ካቴድራሉ የተዘረጋች አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤ ሚሊዮኖች እርሷን ረግጠው ‹‹አገሩን አየነው›› ይላሉ።

ሌላም ትምህርት አለው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የጣሊያንን ጦር ከገጠሙት የጦር አለቆች አንዱ እኒያው የቀድሞው እንግዳ፣ ራስ መኰንን ነበሩ። የጣሊያንን ከተሞች በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ማየታቸው አላፈዘዛቸውም። የሰውን ኃይል አይቶ መደነቅ አንድ ነገር ነው፤ ተደንቆ መንበርከክ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምናደባልቃቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ልጃቸው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተራውን ወሰዱ። ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ከአራት ወር በላይ ተጓዙ። ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅን፣ ፈረንሳይን፣ ቤልጅግን፣ ሉክሰምቡርግን፣ ስዊድንን፣ ጣሊያንን፣ እንግሊዝን፣ ስዊዘርላንድንና ግሪክን አዩ። ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩም አብረዋቸው ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ተከትለው ጉዞውን ‹‹ደስታና ክብር›› በተባለ መጽሐፍ ጽፈውታል። ንጉሡ ኋላ ‹‹ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ›› ውስጥ እንደገለጹት የጉዞው ዓላማ ሦስት ነበር። በመጽሐፍ ያነበቡትን የአውሮፓን ሥልጣኔ በዓይን ማየት፤ ካዩት ውስጥ የሚቻለውን አገር ውስጥ መጀመር፤ ለኢትዮጵያ የባሕር በር ማግኘት።

የባሕር በሩ አልተገኘም። ነገር ግን ያልታሰበ ነገር ተገኘ። ኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ከእልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ‹‹አርባ ልጆች›› ተብለው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደርሶት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው ዜማ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ለአሥርታት ዘለቀ። ከአፄ ቴዎድሮስ ሁለት ዘውዶች አንዱ፣ ከብር የተሠራውና ወርቅ የተቀባው፣ በዚያው ጊዜ ከእንግሊዝ ንጉሥ ተመለሰ። ወርቁ ግን ለንደን ቀረ፤ ዛሬም በዚያ ሙዚየም ውስጥ አለ። በተመለሱ በዓመቱ ውስጥ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ‹‹ብርሃንና ሰላም›› ጋዜጣም መታተም ጀመረ።

ሁለተኛው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። መንገደኛ የሄደበትን ሳይሆን ያላሰበውን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ እጁን ባዶ አድርጎ መሄድ ይገባዋል። ልቡ አስቀድሞ በዕቃ ዝርዝር የተሞላ ሰው 40 ወላጅ አልባ ልጆች በፊቱ ቢያልፉ አያያቸውም።

ከባቡር ጣቢያ የተገኘ

የራሴን ጉዞ ከእነዚህ ታላላቅ ጉዞዎች ጋር ማወዳደሬ አይደለም። የእኔ ሻንጣ 23 ኪሎ ነበር። ቢሆንም ከትንሽ ጉዞም የሚለቀም አለ።

ከመሄዴ በፊት ሁሉም ሰው ‹‹የጀርመን ባቡር ደቂቃ አያዛንፍም›› ብሎኝ ነበር። የተሳፈርሁበት ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። አጠገቤ የነበሩት መንገደኞች አጉረመረሙ እንጂ አልተደነቁም፤ እንግዳ ነገር አልነበረም። እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ባቡር 60 ደቂቃ ከዘገየ ተሳፋሪው የትኬቱን ዋጋ ሩብ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ ግማሹን የመጠየቅ መብት እንዳለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይደነግጋል። አንዲት አሮጊት ቅጹን አውጥተው ያለ ንዴት ሲሞሉ አየሁ። እንደ ልመናም አልቆጠሩት፤ እንደ ጠብም አልቆጠሩት። ያን ጊዜ የገባኝ፣ እኛ ከሩቅ ሆነን የምናደንቀው ባቡሩን መሆኑን ነው። የሚደነቀው ግን ባቡሩ ሲዘገይ የሚሆነው ነገር ነው። ባቡር በገንዘብ ይገዛል። ‹‹በድዬሃለሁና ልካስህ›› የሚል ደንብ ግን በመርከብ ተጭኖ አይመጣም። ሰዎች እርስ በርሳቸው ተዋውለው፣ ብዙ ተከራክረው የሚያበጁት ነው። ለአንድ መንገደኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ምክር ይህ ይመስለኛል። ዕቃውን ሳይሆን ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን ውል ተመልከት።

ብራስልስ ላይ ደግሞ በታላቅ ቅስት ሥር ቆምሁ። ከተማዋን ከሚያስጌጡት ሐውልቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተጠናቀቀው ከኮንጎ በመጣ የንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ገንዘብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በቴርቩረን እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. 267 ኮንጎአውያን ለትርዒት ቀርበው ነበር፤ ሰባቱ በዚያው ሞተው በሰበካው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀብረዋል። ዛሬ በቦታው ያለው የአፍሪካ ሙዚየም ይህንኑ ራሱ ይናገራል። ውበትን ያየ ሰው ‹‹ይህ ከየት መጣ?›› ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ‹‹የእነሱ ሀብት ሁሉ ዝርፊያ ነው›› ብሎ መደምደም የስንፍና መጽናኛ ነው። የኮንጎ ገንዘብ ቅስቱን ሠርቶ ይሆናል፤ የአሮጊቷን ቅጽ ግን አልሠራውም። ደግሞም ጥያቄው ወደ ራሳችን ሲዞር ልንሸሸው አይገባም። የእኛ አድባራትና አብያተ መንግሥታትስ በማን ጉልበት ተሠሩ? ራስ ተፈሪ ለዚያ ጉዞ ከመነሣታቸው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም.፣ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታውጆ ነበር። ኢትዮጵያ ገና ባርያ የሚሸጥባትና የሚለወጥባት አገር ነበረች ማለት ነው። የሰውን አገር በጥያቄ ያየ ሰው የራሱን በጭብጨባ ብቻ ሊያይ አይችልም።

‹‹እዚያስ እንጨት የሚሸከም አለ?››

ከተመለስሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በእግሬ ስወርድ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን ከግንብ ላይ አስደግፈው አረፍ ብለው አገኘኋቸው። በሰፈር የምንተዋወቅ ነን። መሄዴን ሰምተው ነበር።

‹‹እንኳን ደህና ገባሽ ልጄ። ለመሆኑ እዚያስ እንጨት የሚሸከም አለ?›› አሉኝ።

ከጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ የእሳቸውን ያህል የከበደኝ የለም። ‹‹የለም›› ብል ቀላል ነበር። ‹‹አለ›› ብልም ቀላል ነበር። ያየሁትን ነገርኳቸው። ጀርመን ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሱቅ የሚመልስ ሰው 25 የዩሮ ሳንቲም እንደሚሰጠው፤ ማታ ማታ በባቡር ጣቢያ ንጹሕ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች ከየቆሻሻ ማጠራቀሚያው በባትሪ እያበሩ ጠርሙስ ሲለቅሙ ማየቴን፤ በትልቅ ከረጢት ተሸክመው ሲሄዱ ማየቴን ነገርኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና ‹‹ታዲያ ልጅ የላቸውም?›› አሉ።

‹‹ይኖራቸው ይሆናል እማማ። የጡረታው ገንዘብ ለቤት ኪራይ አልበቃ ያላቸው ይሆናሉ።››

‹‹በይ እንግዲህ፣ ሸክም የሌለበት አገር የለም በይኛ!›› ብለው ፈገግ አሉ።

ወሬው እዚህ ላይ ቢቆም እንዴት ባማረ! እሳቸው ተጽናንተው፣ እኔም ጥሩ ነገር ተናግሬ በተለያየን ነበር። ነገር ግን እውነቱ እዚህ አይቆምም። ጠርሙስ ለቃሚው ሽማግሌ ቢታመሙ ሐኪም ቤት የሚያስገባቸው የጤና መድን አላቸው፤ በዚያ አገር ሕግ መድን ግዴታ ነውና። እማማ ግን ወገባቸው ቢጎዳ የሚያነሣቸው ጎረቤትና ዕድር ነው። እንግዲህ ‹‹ሁሉም አገር ያው ነው›› ማለትም ሐሰት ነው። ይህንንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ፈገግታቸው ቀነሰ። ‹‹እሱስ ልክ ነው›› ብለው ሸክማቸውን እንዳነሣላቸው ጠየቁኝ፤ አነሣሁላቸው።

የዕዳው ክብደት እዚህ ላይ ነው። ሰውን ማጽናናት ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በጎደለ እውነት የተገኘ መጽናናት የተቀባዩን መብት ይቆርሳል። እኒህ እናት ለእሳቸው የሚገባ ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር በሌላ አገር በሰዎች ውል የተሠራ እንጂ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ማወቅ መብታቸው ነው። ‹‹እነሱም ይሸከማሉ›› ብዬ ብተዋቸው ከሸክማቸው ላይ ሌላ ሸክም ጨመርሁ ማለት ነው።

ፎቶግራፉና ባሕሩ

ከዚህም የሚከብድ አለ። በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የአገሬን ልጆች አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ሥራ ይዘው ኑሯቸውን ያቀኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ለዓመታት ወረቀት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ከፏፏቴው ፊት ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ለእናታቸው ይልካሉ። ፎቶግራፉ ሐሰት አይደለም። ፏፏቴው አለ፤ ልጁም ከፊቱ ቆሟል። ማታ የት እንደሚያድር ግን ፎቶግራፉ አያሳይም። እናት ‹‹ልጄ ደልቶታል›› ትላለች፤ ከስለቷ ጋር ወደ እንጦጦ ማርያም ትወጣለች። የጎረቤት ልጅ ያንኑ ፎቶግራፍ አይቶ መንገድ ይጀምራል።

መንገዱ ምን እንደሆነ እናውቃለን። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው አንዲት ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በአይ ኤስ የታረዱትና የተረሸኑት ወገኖቻችን የሞት ዜና አዲስ አበባን በእንባ አጥቧታል፤ ከመካከላቸው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩባቸው። እነዚህን ወጣቶች ፎቶግራፍ ብቻ አስኮበለላቸው አልልም። ሥራ ማጣት፣ ተስፋ ማጣት፣ ደላላ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ግማሽ እውነትም ድርሻ አለው።

ይህን ለአንድ የሰፈራችን ወጣት ሳጫውተው በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ ‹‹አንቺ በአውሮፕላን ሄደሽ፣ አይተሽ፣ ተመለስሽ። እኔን ግን አትሂድ ትይኛለሽ። የጠገበ ሰው ስለ ጾም ሲሰብክ አይገርምም?›› አለኝ።

የተናገረው ነገር ቀላል አይደለም። ለእኔ የተከፈተው በር ለእርሱ ዝግ ነው፤ ያም የሆነው እኔ ከእርሱ የተሻልሁ ሰው ሆኜ ሳይሆን የምትጋብዘኝ እህት ስላለችኝ ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ‹‹አትሂድ›› ማለት ምን ሥልጣን አለኝ? የለኝም። ብዙ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው። የመንገደኛ ዕዳ መምከር አይደለም፤ ማስረከብ ነው። ‹‹ሂድ››ም ‹‹አትሂድ››ም የእኔ ቃል አይደለም። የእኔ ድርሻ የደመወዙን መጠን ስነግረው የኪራዩንም መንገር፤ የሐኪም ቤቱን ስነግረው የወረቀቱን ዓመታትም መንገር፤ የባሕሩን አደጋ ስነግረው እዚያ ደርሰው ሰው የሆኑም መኖራቸውን አለመደበቅ ነው። አንዱን ወገን ብደብቅበት፣ ለክፉ አስቤ ባይሆንም፣ ስለ እርሱ ሕይወት እኔ ወሰንሁለት ማለት ነው። ሰውን እንደ ሰው ማክበር ሙሉውን ሒሳብ ሰጥቶ ውሳኔውን ለእርሱ መተው ነው። ወጣቱ በዚህ መልስ ረክቷል ብዬ አልዋሽም። በሩ ለምን ለእርሱ እንደተዘጋ ግን የእኔ መልስ አይፈታውም፤ ያ የመንግሥታት ዕዳ ነው።

የባህር ዛፉ ነገር

ከውጭ የመጣ ነገር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንጦጦን ተራራ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶ አለቀ። ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች ዋናው ባህር ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ዘሩን በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ያስገባው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። ቶሎ አደገ፤ ቤት ሠራ፤ እንጀራ ጋገረ። እማማን የመሰሉ ሴቶችንም ለትውልዶች አኖረ። በዚያው ልክ ውኃ ጠጣ፤ ጥላው ሥር ሌላ ቡቃያ አላበቅል አለ፤ ጽዱንና ወይራውን ተካ። ዛሬ አገር በቀሉን ዛፍ ለመመለስ የሚደክሙ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ከዚሁ ጫካ ውስጥ ነው የተሠራው።

ታዲያ ባህር ዛፍ ሊመጣ አይገባውም ነበር? እኔ እንዲህ አልልም፤ ያለ እርሱ ይህች ከተማ እዚህ መኖሯ ያጠራጥራል። የምለው፣ ዘሩ ከጠባዩ ጋር መምጣት ነበረበት ነው። ‹‹ቶሎ ያድጋል›› የሚለው ወሬ ፈጥኖ ደረሰ፤ ‹‹ውኃ ይጠጣል›› የሚለው ዘግይቶ ደረሰ። ከውጭ የምናመጣው ሁሉ፣ ሕግም ይሁን ትምህርት፣ ፋሽንም ይሁን የመኪና መንገድ፣ እንደዚህ ነው። ጥቅሙንና ዋጋውን በአንድ ቀን የሚያደርስ ታማኝ መንገደኛ ያስፈልገዋል።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ ተምረው ተመልሰው ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር። በ1916 ዓ.ም.፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ የታተመው ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› ስለ አውሮፓ ሕንፃ ውበት የሚያወራ መጽሐፍ አይደለም። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ማን እንደሚከስር የሚመረምር ነው። አይቶ የመጣ ሰው የዕቃ ዝርዝር ሳይሆን የአሠራር ምክንያት ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል።

‹‹የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል›› ይላል ያገራችን ሰው። አጠገባችን ያለውን እናቀላለን፤ የሩቁን እናከብራለን። ከጉዞዬ በኋላ ይህን ተረት በሌላ መልኩ ነው የማስበው። ሩቅ መሄድ የሚጠቅመው የሩቁን ጠበል ለመጠጣት ብቻ ሳይሆን፣ በቅርቡ ምን ስንነክርበት እንደኖርን ለማየትም ነው። ዕድር የሌለበት አገር ከርሜ ስመለስ ዕድር ምን እንደሆነ ገባኝ። ዕድር ብቻውን የማይበቃ መሆኑም በዚያው ጊዜ ገባኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ አንዱን መጣል ግን ሐሰት ነው።

ስለዚህ ከጉዞ የሚመለስ ወዳጅ ያላችሁ አንባቢያን፣ ‹‹ምን ይዘህ መጣህ?›› ብላችሁ ከጠየቃችሁት በኋላ ሌላ ሦስት ጥያቄ ጨምሩበት። ያየኸው መልካም ነገር በማን ውል፣ በማን ድካም ተሠራ? ዋጋውን እየከፈለ ያለው ማነው? እኛ ዘንድ ቢተከል ምን ያበቅላል፣ ምንስ ያደርቃል? መልሱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቡናው ሦስተኛ ሊደርስ ይችላል። ግን ያየውን ላላየው በሙሉ ማስረከብ የጀመረ ሰው ያን ጊዜ ነው ከጉዞው የሚመለሰው።